ዱካው የጠፋ መንገድ በሰሜን ተራሮች፦ እንዴት ይኬዳል?

ከሳንቃበር በግጭ አድርጎ ጨነቅ የሚያደርሰው የእግር መንገድ የታወቀ ነው። እኔ የማወራው ከእሱ ስለሚገነጠሉት አሮጌ መንገዶች ነው። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ሰው ወደ ወንዝና ወደ ማሳ ይመላለስባቸው የነበሩ መንገዶች ረጋጭ አጥተዋል፣ ሣሩም እየዋጣቸው ነው። በጣም ያምራሉ። ግን መንገድ መፈለግ ለማይችል ሰው አይሆኑም።

መጀመሪያ ግዴታውን እንጨርስ። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትመዘገባላችሁ፣ አስጎብኚና ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) ትይዛላችሁ፣ የአካባቢውን ጸጥታም እዚያው ትጠይቃላችሁ። አይቻልም ከተባላችሁ አትከራከሩ። ወራቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምት ላይ ጉሙና ጭቃው አያስኬድም። ደግሞ ስካውቱ ያውቀዋል ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትከተሉ፣ እናንተም ዓይናችሁን ክፈቱ።

አሁን ወደ ዋናው። መንገድ ሲጠፋ "ውሃ ተከትለህ ውረድ" የሚል ምክር አለ። እዚህ ይህን ምክር እርሱት! የጅንባርን ወንዝ ተከትላችሁ ብትወርዱ መጨረሻው 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወረወር ፏፏቴ ነው። አምባው ሜዳ መስሎ ይቆይና በሰሜን በኩል ድንገት ይቆረጣል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ በቃላችሁ ያዙ። እሜት ጎጎ በሚባለው ጫፍ በኩል ከግጭ ወደ ጨነቅ ስትሄዱ ገደሉ በግራ እጃችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ተነስቶ ጫፉን ከሸፈነው ከዳር ራቁ፣ ካልጠራም ቁጭ በሉ። ጭላዳዎች ደንግጠው በአንድ ወገን ከሮጡ ገደሉ በዚያ በኩል ነው፤ የሚሸሹት ወደ ገደል ነውና።

መንገዱን ከሣሩ ለመለየት ቶሎ ቶሎ ወደ መሬት እዩ። ከብት የሄደበት ብዙ ቦታ ይሰነጠቃል፣ ጎን ለጎን አምስት ስድስት ቀጭን መስመር ይሆንና ግጦሽ ላይ ሲደርስ ይበተናል። የሰውና የበቅሎ መንገድ ግን አቀበቱን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፣ ድንጋዩም ሰኮና ስላሸው መሃሉ ለስልሶ ይታያል። እኔ ከሁሉም የማምነው ፋንድያን ነው። በጠጠር የትም ይገኛል፣ በግና ፍየል የማይወጡበት የለም፤ በተርታ የወደቀ ፋንድያ ካያችሁ ግን ጭነት ያለፈበት መንገድ ላይ ናችሁ ማለት ነው። የድንጋይ ካብ ስታዩ ወዲያው አትመኑ፣ እረኛ ለራሱ ጉዳይ የካበው ሊሆን ይችላል።

ዱካው ከጠፋባችሁ ወደፊት አትግፉ። እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ፣ አንድ ሰው እዚያ ይቁም፣ ሌላው ከዓይኑ ሳይርቅ ግራ ቀኙን አይቶ ይመለስ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ጀርባ ይገኛል። አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም እንዳትረሱ፦ ተመልሳችሁ መውጣት የማትችሉትን ቁልቁለት አትውረዱ።

እረኛ ካገኛችሁ ሰላምታውን አስቀድሙና "ይሄ ወደ ጨነቅ ይወስዳል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዳያሳፍራችሁ ብሎ "አዎ" ሊላችሁ ይችላል። "ወደ ጨነቅ የሚያስኬደው የትኛው ነው?" በሉት፣ በእጁ እስኪያሳያችሁም ጠብቁ። "ቅርብ ነው" ቢላችሁ ግን በእሱ እግር እንደሆነ አስቡ።

ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ደባርቅ ሳላችሁ ጫኑ። ጂፒኤሱ ኔትወርክ አይፈልግም። ብርዱ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን ከልብሳችሁ ስር ያዙት። የወረቀት ካርታና ኮምፓስም ያስፈልጋል።

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ከፍታው ነው በሉ፤ በመጣችሁበት መንገድ ውረዱ። ጭንቅላት ሲደነዝዝ ዱካ ማንበብም አይሆንም። ማልዳችሁ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ 7 ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት የመመለሻውን ነገር ወስኑ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ከመሸባችሁ ያላችሁትን ልብስ ሁሉ ደርቡ፣ ከነፋስ የሚከልል ድንጋይ ፈልጉ፣ እስኪነጋም ከዚያ አትነቃነቁ።