ካሲኖው ልካችሁን ሲያውቅ የሚሠሩ ስህተቶች

የኦንላይን ካሲኖ መተግበሪያ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ገጽ አያሳይም። የትኛውን ጨዋታ እንደምትወዱ፣ በስንት ሰዓት እንደምትገቡ፣ ገንዘባችሁ ሲበላ ምን እንደምታደርጉ ይመዘግባል። ከዚያ ገጹን በልካችሁ ይሰፋዋል። ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

«ለእርስዎ የተመረጡ» የሚለውን እንደ ምክር መቁጠር

ዝርዝሩ የሚያሳየው ብዙ ሊያቆያችሁ የሚችለውን ጨዋታ ነው፤ የምታሸንፉበትን አይደለም። የስሎት (ምስሎች የሚሽከረከሩበት የካሲኖ ጨዋታ) ውጤት የሚወጣው በዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ነው። ትናንት ስለተበላችሁ ዛሬ ተራችሁ አይደርስም። ጨዋታው ከላይ ስለተቀመጠም ዕድላችሁ አይጨምርም።

ቦነስን እንደ ስጦታ መቀበል

ይሄኛው ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚያዘው በዚህ ነው። ሦስት ቀን ስትጠፉ «ናፍቀውናል፣ 100 ቦነስ ይጠብቅዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል። ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ገንዘቡን ለማውጣት የቦነሱን 35 እጥፍ መወራረድ አለባችሁ ይላል እንበል። ይህ የ3,500 ውርርድ ነው። ጨዋታው በአማካይ 96 በመቶውን የሚመልስ ከሆነ፣ ካሲኖው ከእያንዳንዱ 100 ላይ 4 ያስቀራል። በ3,500 ላይ ሲሰላ 140 ነው። 100 ተሰጥቷችሁ 140! አንዳንዱ ይቀናዋል፣ ስሌቱ ግን ለካሲኖው ያደላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይህ እጥፍ ከ10 እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ትክክል ነው እላለሁ።

የመልእክቱን ሰዓት አጋጣሚ ነው ማለት

ሁልጊዜ አርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ የምትጫወቱ ከሆነ፣ መልእክቱ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ቢደርሳችሁ አይግረማችሁ። ኖቲፊኬሽኑን አጥፉት።

የቀረበውን መጠን ዝም ብሎ መጫን

ገንዘብ ስታስገቡ 50፣ 100፣ 200 የሚሉ ቁልፎች ይደረደራሉ። አንዱ ቀድሞ ተመርጦ ይጠብቃል። እናንተ ግን ያሰባችሁት 20 ነበር። ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉ።

ቪአይፒ መባልን እንደ ክብር ማየት

በስም የሚጠራችሁ፣ በልደታችሁ መልካም ምኞት የሚልክ ሠራተኛ ሲመደብላችሁ ደስ ይላል። ደረጃው የሚሰጠው ግን በተወራረዳችሁት መጠን ነው፤ ብዙ የከሰረ ሰውም ቪአይፒ ይሆናል። ደግሞ ወዳጅ የሚመስል ሰው «ዛሬስ አይገቡም?» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ብቸኝነት ያለበትን ሰው በቀላሉ ይይዘዋል።

ገደብን ጨዋታ መሃል ማበጀት

እልህ የያዘው ሰው ለራሱ ገደብ አያወጣም። የምታስገቡትን ገንዘብ ጣሪያ ገና ሳትጀምሩ፣ በሰከነ መንፈስ ወስኑ። ብሪታንያ ውስጥ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ቢያንስ 24 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው፤ ያ አንድ ቀን እልሁ እንዲበርድ ነው። የእናንተ መተግበሪያ ይህን ካላደረገ ቀኑን ራሳችሁ ጠብቁ። ጣሪያውን ደጋግማችሁ ከጣሳችሁ ደግሞ ራስን የማገድ አማራጩን (እንዳትጫወቱ መለያችሁን የሚዘጋውን) ተጠቀሙ፤ ከማገዳችሁ በፊትም የቀረውን ገንዘባችሁን አውጡ።