ድመታችሁ ከመሽኛ ሳፋዋ ውጭ ስትሸና

እዚህ እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ድመት ምንጣፍ ላይ ከሸናች መጀመሪያ የሚነሳው ዱላ ነው። እባካችሁ አትምቷት። ተደብቃ አልጋ ሥር ትሸናለች እንጂ አትተውም።

ቅድሚያ ጤናዋን እዩ። በተለይ ወንድ ድመት ደጋግሞ እያማጠ ጠብ የማይልለት ከሆነ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ጤነኛ ከሆነች ጣጣው ብዙ ጊዜ ከሳፋው ነው። እኔ ሰፊና ዝቅ ያለ የልብስ ሳፋ ላይ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ነፍቼ አራት ጣት ያህል እሞላለሁ። ጠዋትና ማታ ቆሻሻውን እዝቃለሁ። ሳፋውን ከምግቧ አርቁት፤ ጩኸት የሌለበት ጥግ ይሁን። ሁለት ድመት ካላችሁ 3 ሳፋ አድርጉ።

የሸናችበትን በበረኪና አትጠቡ። ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን እኔን የሚያዋጣኝ ቶሎ በጨርቅ መምጠጥ፣ ከዚያ አቼቶ በውሃ በጥብጦ ማሸት፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ሽታው ካልጠፋ ተመልሳ እዚያው ትሄዳለች።

ቆሞ፣ ጭራውን እያንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ወንድ ግን ግዛቱን እያስከበረ ነው። እሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተወው በሐኪም ማኮላሸት ነው።