ወዶ ለሚሠራው ልጅ ሽልማት ቃል አትግቡ
ልጃችሁ ማንም ሳያዘው ቁጭ ብሎ ሥዕል የሚሥል ከሆነ፣ «ጥሩ አድርገህ ከሣልክ እሸልምሃለሁ» አትበሉት። በ1973 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ሥዕል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ይህንኑ ሞክረዋል። ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች፣ በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ሲታዩ ሥዕል ላይ ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም! ጣጣው ያለው ቃል መግባቱ ላይ ነው፤ «ደስ ስለሚለኝ ነው የምሥለው» የነበረው ልጅ «ስለሚሰጡኝ ነው» ማለት ይጀምራል። ለማይወደው ነገር፣ ለምሳሌ ክፍሉን ለማስተካከል ከሆነ፣ ብትሸልሙትም ግድ የለም። ሥዕሉን ሲያሳያችሁ ግን «ይቺ ወፍ ወዴት እየበረረች ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።