ሐረጎ ላይ የተነሳው ፎቶ ለምን ተንቀጠቀጠ?

ደሴ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ምሽት ሐረጎ ዳገት መውጣቱ አይቀርም። ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) 20 ሰከንድ ከፍቶ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱትን መኪኖች መብራት እንደ ክር ለመሳብ። በማግስቱ «ተበላሸብኝ» ብሎ ይመጣል። ባትሪና ፎከስ አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ሁሉም ነገር ተንቀጥቅጧል

የሚበዛው ይሄ ነው። ፎቶውን አጉሉና የቆመ መብራት ፈልጉ። አምፖሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭራ ካወጡ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። ምሰሶው ጠርቶ መኪናው ብቻ ከተሳበ ምንም አልተበላሸም፤ የወጣችሁት ለእሱ ነው።

ያነቃነቀው ጣታችሁ ከሆነ የ2 ሰከንድ ታይመር ይበቃል። ንፋስ ከሆነ የትራይፖዱን (የባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን) መሃል ዘንግ ዝቅ አድርጉ፣ የካሜራውን ማንገቻ አውልቁ፣ ዘንጉ ላይ ቦርሳ ስቀሉ። ቦርሳው ግን መሬት ይንካ፤ ካልነካ እሱም ይወዛወዛል። የፕላስቲክ ትራይፖድ? ለስልክ ተዉት።

አንድ ልጅ ጋር ሦስት ምሽት ወጣሁ። ሌንስ ቀየርን። ቦታ ቀየርን። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር «መሬቱ ነው» ተባባልን። በሦስተኛው ምሽት ብርድ ላይ ሌንሱን ጨበጥ ሳደርገው ውስጡ ያጉረመርማል። የመንቀጥቀጥ መከላከያው በርቷል! ካሜራው ቆሞ ሳለ እሱ የሌለ እንቅስቃሴ ለማስተካከል ራሱ ይንቀሳቀሳል። ትራይፖድ ላይ ስትሰቅሉ አጥፉት። አንዳንድ ሌንስ ራሱ ያውቃል ይባላል፤ እናንተ አጥፉት። በእጅ ስትይዙ ደግሞ መልሳችሁ አብሩ። እኔ ረስቼ የሰው ሠርግ አበላሽቻለሁ።

ሰው ጠፋ

ብልሽት አይደለም። የሚራመድ ሰው አንድ ቦታ ስለማይቆይ አይቀረጽም። ፈረንሳዊው የፎቶ ፈር ቀዳጅ ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. የፓሪስን ጎዳና ለደቂቃዎች ሲያነሳ ሰረገላው ሁሉ ጠፍቶ ጎልቶ የቀረው ጫማ የሚያስጠርግ ሰው ነበር። ፒያሳ ሊስትሮ ፊት ሞክሩት፤ ደንበኛው ይቀራል፣ ብሩሹ ጢስ ይሆናል።

ቀን ላይ ነጭ ወረቀት ሆነ

ሹተሩ ረጅም ጊዜ ሲከፈት ብርሃን ስለሚበዛ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ፊት የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ ባለ 10 ስቶፑ 1/60 ሰከንድን ወደ 17 ሰከንድ ያደርሳል። ርካሹ ፊልተር የጦሳን ተራራ ወይን ጠጅ ያደርግላችኋል። በፊልተሩ ፀሐይን በዓይናችሁ እንዳታዩ! ዓይን አይከላከልም።

የመብራቱ ክር ነጠብጣብ ሆነ

ኤልኢዲ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይበራል፣ ይጠፋል። ሌላ መኪና ጠብቁ።

ስልክ ላይ ባጃጅ ተጣመመ

ስልኩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። ራቅ በሉ።

መታጠፊያው ጠርዝ ላይ ትራይፖድ አትትከሉ፤ ሹፌሩ አያያችሁም። ጭጋግ ከወረደ ደግሞ ሌንስ ስትወለውሉ አትደሩ። ሸክፋችሁ ግቡ።