ላፕቶፕና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ፦ ከቤት የምንሠራ ወላጆች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ዌብ ዴቨሎፐር ነኝ፤ የምሠራውም ከቤት ነው። ትልቋ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ሁለት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ባለቤቴ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ረፋዱን ትንሹን የምይዘው እኔ ነኝ። የምሠራበት ጠረጴዛ የምንበላበት ጠረጴዛ ነው።

እስካሁን የደረሰብንን ሳስበው አንድ ነገር ይታየኛል። ቤት ውስጥ የደረሱት አደጋዎችም፣ ሥራዬ ላይ የሠራኋቸው ከባድ ስህተቶችም የመጡት በአንድ ዓይነት ሰዓት ነው፤ ግማሽ ልቤ ልጁ ጋ፣ ግማሹ ስክሪኑ ላይ በሆነበት ሰዓት። ለዚህ ነው ከታች የምጽፋቸውን የቤት፣ የሥራ ብዬ ያልለየኋቸው።

1. ሻይ ላፕቶፕ አጠገብ ማስቀመጥ

ጠረጴዛው ላይ ልብስ ነበረ። ትንሹ ከሥር ሆኖ ጫፉን ጎተተው። ስኒው ተንሸራቶ መጣና ኪቦርዱ ላይ ተደፋ። ቀረፋ ያለው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር፤ በሸሚዜ ጠረግሁትና ይሠራ እንደሆነ አየሁ። ይሠራል። ስለዚህ መጻፌን ቀጠልሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንዳንድ ፊደል እምቢ አለ፤ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ከዚራ ሰፈር ያለ ጠጋኝ ከፍቶ አሳየኝ። ከኪቦርዱ ሥር ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሯል። አንድ ቺፕ እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል። «ውሃ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ስኳሩ ነው የበላው» አለኝ። ደግሞ ኃይል እያለፈበት ስለቆየ ነው የባሰበት።

እንዲህ ሲያጋጥም ፋይሉን ሴቭ ላድርግ አትበሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ወዲያው አጥፉት። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ከዚያ ከፍታችሁ እንደ ድንኳን ገልብጣችሁ አቁሙት፣ ይንጠብጠብ። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም፤ የፀጉር ማድረቂያ ሙቀትም ይጎዳዋል። የፈሰሰው ሻይ፣ ለስላሳ ወይም ወተት ከሆነ ደረቀ ብላችሁ አታብሩት፤ ተከፍቶ በአልኮል መጽዳት አለበት።

ከላፕቶፑ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ስኒው በዚያኛው በኩል ቢወርድ ኖሮ የሚያርፈው ልጁ ፊት ላይ ነበር። ሕፃን ልጅ ትኩስ ነገር ከፈሰሰበት የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ በሆነ የሚፈስ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም። በረዶም አይደረግበትም። ቃጠሎው ሰፋ ካለ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልት ላይ ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው። እኛ ከተማ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ቀትር ላይ ከጣሪያው ሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ስለዚህ አንድ ጀሪካን ውሃ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ፣ ጥላ ሥር አስቀምጣለሁ። ለመጠጥ አይደለም፤ ለዚህ ብቻ ነው።

አሁን ጠረጴዛችን ልብስ የለውም። ሻዬን የምጠጣው ክዳን ባለው ኩባያ ነው፤ እሱም ወለሉ ላይ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል።

2. ኮሚት አድርጎ ፑሽ አለማድረግ

ያ ላፕቶፕ ሲሞት የሁለት ቀን ሥራ ይዞ ሞተ። ኮሚት አድርጌ ነበር፤ ማለትም ለውጡን ጊት በሚባለው የኮድ ቅጂ መያዣ መዝግቤ ነበር። ፑሽ ግን፣ ማለትም ወደ ሌላ ሰርቨር መላክ፣ አላደረግሁም። ኮሚት ግን የተቀመጠው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። ጊት በፈረንጆቹ 2005 ሲሠራ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ቅጂ እንዲኖር ታስቦ ነው። ያ ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ ካልተላከ ግን ያው አንድ ቅጂ ነው። መብራት ሲሄድ፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ በር ሲንኳኳ፣ ከመነሳቴ በፊት ፑሽ አደርጋለሁ። ያላለቀ ኮድ ቢሆንም በራሴ ብራንች (ለብቻው በተያዘ የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ ይሄዳል። የቤቱ ኢንተርኔት ከሌለ በስልኬ ሆትስፖት እልካለሁ፤ ጽሑፍ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው።

የልጆች ፎቶም እንደዚያው ነው። ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ብለው ሃርድ ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ የሚያስቀምጡ ጓደኞች አሉኝ። ድሬ ያደገ ሰው ግን ይህን አያደርግም ብዬ አስባለሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ወጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ነፍሱን ያተረፈውም ብዙው ቤት ንብረቱን ይዞ አልወጣም። አክስቴ ዛሬም የምታነሳው ስለ አልጋዋና ስለ ቁምሳጥኗ አይደለም፤ ስለ ልጆቿ የልጅነት ፎቶ ነው። አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ ይኑራችሁ። እናታችሁ ቤት ይሁን፣ ኢንተርኔት ላይ ይሁን፣ ከቤት ውጭ ይሁን ብቻ።

3. ሙቀቱን መናቅ

አብዛኞቹ የላፕቶፕ አምራቾች መሣሪያው እንዲሠራ የሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ቀትር ላይ ከዚያ ታልፋለች። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አድርጎ፣ ልጅ እያስተኙ መሥራት ደግሞ የአየር መውጫውን መድፈን ነው። እኔ ይህን ለወራት አድርጌዋለሁ። አንድ ቀን ታችፓዱ ወደ ላይ ተነሥቶ አገኘሁት፤ ከሥሩ ባትሪው አብጦ ነበር። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ አይጫንም። ልጅ ከማይደርስበት፣ ከሚቃጠል ነገር ከራቀ ቦታ አስቀምጦ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው።

የድሬ ሰው ሱቁን ዘግቶ ቀትሩን የሚያርፈው ያለ ነገር አይደለም። እኔም ላፕቶፑን የሚያሞቀውን ከባድ ሥራዬን፣ ኮዱን መገጣጠሙንና መሞከሩን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሬ እሠራለሁ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ኔትወርኩም ይፈጥናል። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ላፕቶፑም እኛም እናርፋለን።

4. ልጅ ለማምጣት እየተጣደፉ ዴፕሎይ ማድረግ

ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው። ዴፕሎይ ማለት ለውጥን ሰው በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ማዋል ነው።

ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ነበር። ትልቋን ከትምህርት ቤት የማመጣው 6 ሰዓት ነው። ትንሹ ጭኔ ላይ ነው፤ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። አንድ የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የአንድ ዕቃ ዋጋ ማስተካከል ነበረብኝ። የአንድ ደቂቃ ሥራ። ሁለት ተርሚናል (ለሰርቨሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ተከፍቷል፤ አንዱ የሙከራው ሰርቨር፣ አንዱ ደንበኛው የሚሸጥበት። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አፕዴት (ለውጥ) ብዬ ጻፍሁ፣ የትኛውን ረድፍ እንደሚለውጥ የሚነግረውን ዌር ሳልጨምር ኢንተር ነካሁ። ስክሪኑ መለሰልኝ፦ 2,340 ረድፍ ተለውጧል።

ክው አልሁ። አንድ ረድፍ ነበር መለወጥ የነበረበት። በድረ ገጹ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ከሳሙናው እስከ ፍሪጁ፣ በአንድ ዋጋ ሆነ። ልጁን ይዤ ባጃጁን አሰናበትሁ፤ ልጄን እንዲያመጣልኝ ጎረቤቴን ለመንሁት። «አቦ አታስብ፣ አመጣታለሁ» ብሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልረሳለትም። የሌሊቱን ባካፕ መልሼ እስካስገባ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ባካፑ መኖሩን አውቅ ነበር፤ ግን አንድም ቀን መልሼ ሞክሬው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያን አንድ ሰዓት ተኩል ያሳለፍሁት ይሠራ ይሆን እያልሁ ነው። ለደንበኛዬ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርሁት። ተቆጣኝ፤ ግን ሥራውን አልነጠቀኝም።

ከዚያ ወዲህ የማልሻገራቸው ነገሮች አሉ። የእውነተኛው ሰርቨር ተርሚናል ጀርባው ቀይ ነው። ማንኛውንም አፕዴት ከመጻፌ በፊት በዚያው ዌር ሴሌክት አደርጋለሁ፣ ምንም ሳይለውጥ ረድፎቹን ብቻ ያሳየኛል፤ አንድ ረድፍ ጠብቄ ሁለት ሺህ ካመጣ ያኔ እቆማለሁ። ቀጥሎ ቢጊን ብዬ እጀምራለሁ፤ የተለወጠው ቁጥር ካላማረኝ ሮልባክ የሚለው ትእዛዝ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በወር አንድ ቀን ባካፑን ሌላ ቦታ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ። ልጅ ከማምጣቴ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ደግሞ፣ ልጅ ጭኔ ላይ እያለም፣ ምንም ዓይነት ዴፕሎይ የለም። ደንበኛ ቢቸኩልም የለም። «ከ9 ሰዓት በኋላ ይደርሳል» ማለት ሰው ይቀበለዋል።

5. ሰዓቱንና ቀኑን በልብ መተርጎም

ጀርመን ካለ ደንበኛ ጋር ስብሰባ ሲኖረኝ ሁለት ትርጉም አለ። አንደኛው የእኛ 3 ሰዓት ከነሱ 3 ሰዓት የተለየ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ እነሱ ግን መጋቢት ላይ ወደ ፊት፣ ጥቅምት ላይ ወደ ኋላ ያደርጉታል። ስለዚህ በክረምታቸው ልዩነታችን ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው። ለልጅ ገንፎ እያማሰሉ ይህን በጭንቅላት ማስላት አያዋጣም። ሁሌም በዓለም አቀፉ የሰዓት መነሻ (ዩቲሲ) ተጻጻፉ፣ ስልኩ ይተርጉመው።

ትልቋ ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 2 ነው። ለአንድ ደንበኛ የሠራሁትን የምዝገባ ቅጽ ስሞክረው የእሷን ልደት ላስገባ አልኩ። አልቻልሁም። የወሩ ዝርዝር 12 ላይ ያበቃል። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የጳጉሜን ልጅ አባትም እኔ ነኝ። ከሌላ አገር የመጣ ዝግጁ ቅጽ ላይ የኢትዮጵያን ወሮች ስም ብቻ ለጥፌበት ነበር። ለኢትዮጵያዊ የቀን ቅጽ የምትሠሩ ሁሉ በጳጉሜን ቀን ሞክሩት፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋንም ጳጉሜን 6 አትርሱ። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ በአንድ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ይለወጥ።

6. ትናንሽ ባትሪዎችን ችላ ማለት

ጠጋኙ የተበላሸውን ዕቃ በፌስታል አድርጎ ሲመልስልኝ ውስጡ እንደ ሳንቲም የሆነች ክብ ባትሪ ነበረች። ትንሹ እጅ ላይ አገኘኋት፤ ወደ አፉ እየወሰዳት ነበር። እነዚህ ባትሪዎች ማዘርቦርድ ላይ፣ በአንዳንድ ሪሞትና መጫወቻ ውስጥ አሉ። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ታቃጥላለች። ልጁ ምንም ላያለቅስ ይችላል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ ቆይ እንየው አትበሉ፤ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ሩጡ፣ ራጅ ይነሣ።

7. ስክሪን ክፍት ትቶ መነሣት

ውሃ ላመጣ ብነሣም እቆልፈዋለሁ። የዊንዶውስና የኤል ቁልፍ አብሮ መጫን ነው፣ አንድ ሴኮንድ። ሕፃን ኪቦርድ ይወዳል፤ የተከፈተው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

8. «አንድ ደቂቃ» ማለት

ትልቋ ትምህርት ቤት ሰዓት ማንበብ በተማረች ሰሞን ነው። ሥዕል ይዛ መጣች። «አንድ ደቂቃ፣ እሺ እናቴ» አልኋት፤ ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሣሁም። አጠገቤ ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ ትቆጥራለች። ስድሳ ስትደርስ፣ «አባዬ፣ አለቀ» አለች። ሥዕሉን አየሁላትና ተመለስሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቀን ስንት ጊዜ አንድ ደቂቃ እንደምላት አስቤ ነው። የቆጠረችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ የጠበቀችው ግን ሁልጊዜ ነው።

አሁን ያለውን እውነተኛ ሰዓት ነው የምነግራት። ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሰዓት እላለሁ፤ ታኮርፋለች፣ ግን ሄዳ ትጫወታለች። ግድግዳው ላይ የሚታይ ሰዓት ሰቅለናል። 10 ሰዓት ላይ ሥራ ያበቃል፤ ፀሐዩ ሲበርድ ሁለቱንም ይዤ ወደ ከዚራ ዛፎች ጥላ እንወጣለን፣ ሳምቡሳ እንገዛለን። ረጅሙ ዘንግ 12 ላይ ሲደርስ መጥታ ላፕቶፑን የምትዘጋው እሷ ናት። እኔም 5 ደቂቃ ቀደም ብዬ ፑሽ አድርጌ እጠብቃታለሁ።