ከእንጨትና ከሬዚን የተሠራ ካርቦን፦ ሳትሰብሩ እንዴት ትፈትኑታላችሁ?

እናቴ ገበያ ላይ ጀበና ስትገዛ መጀመሪያ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ አልተሰነጠቀም። እኔም ከምድጃ የወጣ ካርቦን የምቀበለው እንደዚያው ነው። ተራ ከሰል ድምፁ ድፍን ያለ ነው፤ ሬዚን፣ ማለትም ሲጋል የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ፣ የጠጣው ግን እንደ ሸክላ ስባሪ ይጮኻል።

ጃፓኖች አኦሞሪ ውስጥ ሠርተው «ውድሴራሚክስ» ያሉት ይህንኑ ነው፦ ፌኖሊክ ሬዚን ጠጥቶ አየር በሌለበት ምድጃ የከሰለ እንጨት። የእንጨቱ ቱቦዎች ቀዳዳ ሆነው ይቀራሉ፤ ሬዚኑ መስታወት መሳይ ካርቦን ሆኖ ግድግዳቸውን ይይዛል።

የመጀመሪያዎቹ የባሕር ዛፍ ቁራጮቼ ሁሉም ተሰነጣጠቁ። ጥፋቱ የችኮላዬ ነው። ሬዚኑ ሲጠነክር ውሃ ያወጣል፤ እንጨቱም ከ200 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ጋዙን ይለቃል። አሁን እዚያ መሀል በደቂቃ ከ1 ዲግሪ በላይ አልጨምርም፤ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ይፍጅ። ከምድጃው አየር የሚያስወጣውን ናይትሮጅንም ምድጃው ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አትዝጉ፤ የጋለ ካርቦን አየር ካገኘ አመድ ነው።

ቀጥሎ መልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው። ከ600 ዲግሪ በታች የከሰለ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ 800 የደረሰው ግን በደንብ ያሳልፋል። የምድጃው ቴርሞሜትር ቢዋሽ ኦሙ፣ ማለትም መልቲሜትሩ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ቁጥር፣ ያጋልጠዋል። ቁጥሩ ከዋለለባችሁ የቁራጩን ሁለት ጫፍ ብር ያለበት ኤሌክትሪክ አሳላፊ ቀለም ቀቡ።

ዋናው ሥራ ቀዳዳውን መለካት ነው፤ ለዚህ ሦስት ጊዜ መመዘን ይበቃል። ደረቁን መዝኑ፤ የእኔ 6.0 ግራም ነበር። ከዚያ ውሃ ውስጥ ቀቅሉት፤ አረፋ መውጣቱ እስኪቆም አትቸኩሉ፣ ውስጥ የቀረ አየር ልክ ያልተቦረቦረ አካል መስሎ ያታልላል። ሲቀዘቅዝ በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ውስጥ እንዳለ መዝኑ፤ 2.0 ወጣ። አውጥታችሁ ደግሞ ውሃ እንደጠገበ መዝኑ፤ 8.5። የጠጣው ውሃ 2.5፣ ጠቅላላ ይዘቱ ደግሞ ቁራጩ የሚገፋው ውሃ ነው፦ 8.5 ሲቀነስ 2.0፣ ማለትም 6.5። 2.5ን ለ6.5 ብታካፍሉ ክፍት ቀዳዳው 38 በመቶ ግድም ይሆናል።

ተማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት ሦስተኛው ምዘና ላይ ነው። ላዩን ለማድረቅ ደረቅ ሶፍት ያነሳሉ፤ ሶፍቱ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ውሃ ሳይቀር ይመጠዋል። ጨርቁን ቀድማችሁ አርጥቡና ጭመቁት፣ ቁራጩን አንዴ አንከባሉበት፣ ወዲያው ሚዛኑ ላይ።