ጠያቂን መጠየቅ፦ ቤት ለዋለ መንገደኛ

እንጀራዬ ቱሪስት ማመላለስ ነው። 14 ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ስመላለስ አንድም ቀን ያልወደቅሁ ሰውዬ፣ ሰኔ ላይ የገዛ ቤቴን አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ወጥቼ ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ፣ ጀሶ ገባ። ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። በሕመምም ሆነ በአራስነት ወይ በገንዘብ እጦት ቤት ውላችሁ መንገድ መንገድ የሚላችሁ ካላችሁ፣ ለእኔ የሠራልኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያልሠራውን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ድሮን ከሰማይ ያነሳውን ተራራና ሐይቅ ሳይ ሰነበትኩ። ማማሩስ ያምራል፤ ስዘጋው ግን ከበፊቱ ይብስብኛል። ተውት።

ይልቅ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ደጋግማችሁ የሄዳችሁበትን አንድ መንገድ ምረጡና፣ ካርታ ሳታዩ ከተሞቹን በተራ ጻፉ። የእኔ የአርባ ምንጭ መንገድ ነው፦ ዓለም ገና፣ መልካ አዋሽ፣ ጢያ፣ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና። ጢያ ላይ እጄ ፈጠነ። 36 ትክል ድንጋዮች፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ የተቀረጸ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገባቸው፤ ለእንግዳ ስለምለፈልፈው በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ከሆሳዕና እስከ ሶዶ ግን እስክሪብቶው ቆመ። መቶ ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ! የምትፈልጉት ይህን ባዶ ቦታ ነው። ክበቡት፤ በካርታ ግን አትሙሉት። ሰው ፈልጉለት።

ሰው ደግሞ በራሱ እግር ይመጣል። በእኛ ቋንቋ ታማሚን ማየት «መጠየቅ» አይደል የሚባለው? ብርቱካኑን ይዞ ይገባል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ስለ አወዳደቄ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። ያቺን ዝምታ አታባክኗት፤ ጠያቂውን ጠይቁት።

አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። «አገርህ እንዴት ነው?» ካላችሁት «ይመስገን፣ ደህና ነው» ብሎ ይዘጋባችኋል። ጥያቄው ይጥበብ። ከታች ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ የአረካ ልጅ መሆኗን የሰማሁት በዚህ ሰሞን ነው፤ አረካ ደግሞ ባዶው ቦታዬ ውስጥ ነች። «ልጅ ሆነሽ ገበያ ስትሄጂ በማን በር ታልፊ ነበር?» አልኳት። ከአያቷ ጋር ስኳር ድንች ተሸክማ የምትሄድበትን መንገድ በር በበር፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንደሚያስሮጣት ሳይቀር ነገረችኝ። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። «አንተ ግን ስንት ጊዜ በደጃችን አልፈሃል!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው።

ሳይሄዱ በመጠየቅ ብቻ አገር ይታወቃል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን አነሳለታለሁ። በ1652 እ.ኤ.አ. የመካነ ሥላሴውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ከተማ አስመጥቶ ስለ አገሩ ጠየቀው። በ1681 ትልቁን የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ ኢትዮጵያን ግን አንድም ቀን ሳይረግጣት ሞተ። ስንቱ ረግጧት ምንም ሳይጠይቅ ተመልሷል፤ ብዙዎቹን በመኪናዬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

ከሁሉም የገረመኝ የግቢያችን ጥበቃ ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያመጣልኝ ልጅ ዶርዜ ነው። (ሸማኔ አይደለም፤ የዶርዜ ሰው ሁሉ ሸማኔ ይመስለኝ ነበር።) እንግዶቼን ዶርዜ ስወስድ የምለው አለኝ፦ ቤቱ ከቀርከሃ ይሠራል፣ የዝሆን ፊት ይመስላል፣ ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው በየዓመቱ ያጥራል፣ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ማን እንደሚሸከመው ግን ጠይቄ አላውቅም። ጠየቅሁት።

ጀሪካኑን አስቀመጠ። የአባቱ ቤት ሲዛወር ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። የሰፈሩ ወንዶች አጣና ከሥር አስገብተው ሲያነሡት እሱ ውስጥ ነበር፤ ውጣ ቢሉት እምቢ አለ። ግድግዳው ሲራመድ አብሮ እየተራመደ፣ ከእግሩ ሥር መሬቱ ብቻ እየተለወጠ ሄደ። ቤቱ ሳይወጣ መንገድ የሄደ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ነው።

ለመስቀል አገሩ ሊገባ ሲል «ምን ላምጣልህ ጋሼ?» አለኝ። የቤቱን ቁመት ለክቶ እንዲመጣ ነው የላክሁት፤ ምስጡ ስንት ክንድ እንዳስቀረለት ማወቅ እፈልጋለሁ።